ዳኛው የመንግሥት ደመወዝ እየበላ መንግሥትን ያስቆማል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አባቴ ከዋናው መንገድ ዳር አነስተኛ ይዞታ አላቸው። ‹ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ ልቀቁ› የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። የተገመተው ካሳ ቤቱን መልሶ አያሠራም። ልማቱ ምን እንደሆነም በግልጽ የነገራቸው የለም። እኔ ፍርድ ቤት እንሂድ አልኩ። አባቴ ግን ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ዳኛውስ ደመወዙን የሚበላው ከማን ነው?› ብለው ዝም አሉ። እውነት ፍርድ ቤት መንግሥትን ማስቆም ይችላል? የዳኝነት ነፃነት የሚባለው ነገርስ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ምን ይፈይዳል?»

አብሽር ወንድሜ። አባትህ ይህን ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። እኔ ደሴ ላይ መጀመሪያ በዳኝነት፣ አሁን ደግሞ በጥብቅና እየሠራሁ ነው የኖርኩት። ይህን ተረት ችሎት ደጅ ላይ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ግን ተረቱ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ፍርድ ቤት መንግሥትን ያስቆማል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በሁሉም ጉዳይም አይደለም። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚያስበው ስለ ዳኛው ወኔ ነው። ጀግና ዳኛ ደግሞ በየችሎቱ አይገኝም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ዳኛው መንግሥት ላይ በፈረደ ማግስት ምን ይደርስበታል? ምንም የማይደርስበት ከሆነ ተራው ዳኛ፣ ፈሪው ዳኛ፣ ልጆች የሚያሳድገው ዳኛም ሕጉን እንዳለ ይፈርዳል። የሚደርስበት ነገር ካለ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ምንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

ደመወዙን በተመለከተ አባትህን እንዲህ በላቸው። በየትኛውም አገር ዳኛ የሚከፈለው ከሕዝብ ካዝና ነው። ከባለጉዳይ ኪስ ይከፈለው ብንል የባሰ ጣጣ ነው። ቁም ነገሩ ከፋዩ ሲናደድ ደመወዙን መቁረጥ ወይም ዳኛውን ማንሳት ይችላል ወይ የሚለው ነው። እንግሊዞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1701 በወጣ ሕግ ቋጩት። ዳኛ ጥሩ ጠባይ እስካለው ድረስ አይነሣም፤ ደመወዙም አስቀድሞ ተወስኖ ይቀመጣል፤ ለማንሳት የሁለቱም ምክር ቤቶች ጥያቄ ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ በፊት ንጉሡ ደስ ያላሰኘውን ዳኛ ማሰናበት ይችል ነበር።

የእኛስ ሕግ? ወረቀቱ ጥሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ነፃ የዳኝነት አካል ተቋቁሟል ይላል። አንቀጽ 79 ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ከመንግሥት አካል፣ ከባለሥልጣንም ሆነ ከሌላ ከማንም ተጽዕኖ ነፃ ነው፤ ዳኛ የሚመራው በሕግ ብቻ ነው ይላል። ዳኛ ጡረታ ሳይደርስ ያለ ፈቃዱ የሚነሣባቸው ምክንያቶችም ተቆጥረዋል። የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ፣ ወይም ሥራ የማያሠራ ሕመም ናቸው። ያንንም መጀመሪያ የሚያየው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ከዚያ ምክር ቤት በድምፅ ያጸድቀዋል። በክልል ዳኞችን ጉባኤው ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትሉን ለሹመት የሚያቀርበው ግን ርዕሰ መስተዳድሩ ነው። በጀቱንም የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዝልኝ።

በነገራችን ላይ የአባትህ ተረት አንድ ወቅት ሕግ ሆኖ ተጽፎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ ለካሳ ተጠያቂ እንደማይሆኑ ይደነግጋል። ታዲያ እዚያው ሕግ ላይ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ 2126 አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት የተጎዳ ሰው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህ በጃንሆይ ዘመን ነው። ሰማዩ ያኔም በጥቂቱ መታረስ ጀምሯል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር እኛ ዛሬም በክስ ማመልከቻችን ላይ እንጠቅሳታለን።

አሁን ወደ ማግስቱ እንሂድ። ብዙ ሰው ጣልቃ ገብነት ሲባል የሚታየው ባለሥልጣን ስልክ አንስቶ «እንዲህ ብለህ ፍረድ» ሲል ነው። እንዲህ ያለ ስልክ የለም አልልህም። ግን ዳኞች ለብቻቸው ሆነው ሲያወሩ የሚነሣው ሌላ ነው። ወረዳ የተመደበ ወጣት ዳኛ ቤት የለውም፤ ቤት ቢገኝለት የሚገኘው በአስተዳደሩ በኩል ነው። የድንበር ክርክር ቦታው ድረስ ሄዶ ለማየት መኪና ይፈልጋል፤ መኪናው ያለው አስተዳደሩ ግቢ ነው። የፍርድ ቤቱ በጀት ዓመቱ ሳያልቅ ሲያልቅ ወረቀትና ቀለም የሚለመነው ከዚያው ነው። ባለቤቱ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት የምትሠራ ከሆነ ዝውውሯ የሚታየው እዚያው ነው።

እና አንድ ቀን ይህ ዳኛ በአስተዳደሩ ላይ ይፈርዳል። ማንም «በእኛ ላይ ፈረድክ» አይለውም። ቤቱ «ለሌላ ሥራ ተፈለገ» ይባላል። መኪናው «ጋራዥ ገባ» ይባላል። የባለቤቱ ዝውውር «ኮሚቴው ገና አላየውም» ይባላል። የሚከሰስ ሰው የለም፤ የሚጠቀስ አንቀጽም የለም።

አንድ ወዳጄ የሆነ ዳኛ አስተዳደሩ ሳያስጠነቅቅ ባፈረሰው ሱቅ ጉዳይ ለባለሱቁ ፈረደ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላስፈራራውም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ዳኞች እሱ ብቻ ለሥልጠና ሳይጠራ ቀረ። ቀጥሎ ከከተማ ራቅ ወዳለ ወረዳ ተመደበ። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» የሚል ብቻ ነው። እሱ ሄደ፣ ሠራ፣ ኖረ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በእሱ ወንበር የተተካው ዳኛ ነው። ያ ዳኛ ደብዳቤውን ማንበብ አላስፈለገውም። ገብቶታል። በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ መዝገብ ሲመጣለት «አስተዳደሩ መልስ ይስጥበት» እያለ ቀጠሮ ያራዝማል። አይወስንም። ቀጠሮው ሲራዘም ሱቁ ይፈርሳል። በይግባኝ የሚሻር ፍርድ እንኳ የለም፤ ምክንያቱም ፍርድ አልተሰጠም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ሳይመጣ የሚቀረው ነው። ባለጉዳዩ ይሰማል፤ ጠበቃውም «አያዋጣህም፣ ተስማማ» ይለዋል። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ በመንግሥት ላይ የቀረበ ክስ ጥቂት ነው፣ ሕዝቡ ረክቷል ይባላል።

«ተናበን እንሥራ» የሚባለውንም ላንሳ። ፍርድ ቤቱን ከፖሊስ፣ ከዓቃቤ ሕግና ከአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዕቅድ መገምገም የተለመደ ነገር ነው። ስለ መጥሪያ አደራረስና ስለ እስረኛ አመላለስ ከሆነ ጥሩ፤ ያስፈልጋልም። «የልማት ቦታዎች በእግድ እየተያዙ ተቸገርን» የሚል ነጥብ ሲነሣ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንደኛው ተከራካሪ ዳኛውን ብቻውን አግኝቶ ቡና እየጠጣ አቤቱታውን አሰማ ማለት ነው። አባትህ እዚያ ስብሰባ ላይ አልተጠሩም።

ይህ በወረዳ ነው። በትልቁም ያው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውዬው ከፍርድ ቤት ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚነፍግ ሕግ በጥድፊያ ጸደቀ። ስዬ ለዓመታት ታስረው ቆዩ።

ይህን ጉዳይ ለወጣት ጠበቆች ደጋግሜ የማነሣው ብዙ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ዳኛዋ ነፃ ነበሩ፤ ሕጉን አንብበው ወሰኑ። ግን የአንድ ዳኛ ነፃነት ብቻውን ሥልጣንን አልገታም። ትዕዛዙን መፈጸም የነበረበት ፖሊስ አልፈጸመም። ትዕዛዙን ማክበር የነበረበት ሕግ አውጪ ሕጉን ቀየረው። በአንድ በኩል ካየኸው ግን መንግሥት ሕግ ለመቀየር መገደዱ ራሱ አንድ ነገር ነው። በዝምታ ሊያደርገው ያሰበውን በአዋጅ፣ በስሙ ፈርሞ፣ ሁሉ እያየው እንዲያደርገው ሆነ። ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያስታወሰው ያንን የዋስትና ትዕዛዝ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዳኛው ነው። አሁን ደግሞ ስለ በሩ። ዳኛው የቱንም ያህል ነፃ ይሁን፣ ጉዳዩ ወደ እሱ የሚገባበት በር ከተዘጋ ነፃነቱ ምን ያደርግልሃል?

የግንቦት 1997ን ምርጫ ታስታውሳለህ፣ ወይም ሲወራ ሰምተሃል። የምርጫው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና አካባቢው ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ከለከሉ። ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ራሱ አልወሰነም፤ ለሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ መራው። ጉባኤውም መመሪያው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፣ ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ ዘጋው።

በእኛ ሥርዓት ሕገ መንግሥትን የመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አጣሪ ጉባኤው 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው፣ 6 የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የሚወከሉ 3 ሰዎች ናቸው። አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ትርጉም አያስፈልግም ካለም ጉዳዩን ይመልሳል። ምክር ቤቱ ግን የፖለቲካ አካል ነው። የዚህ አሠራር ደጋፊዎች ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነውና ባለቤቶቹ ይተርጉሙት ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አልንቀውም። እኔን የሚያናድደኝ ዳኞቻችን በዚህ ተከልለው «ሕገ መንግሥት» የሚል ቃል ያለበትን መዝገብ ሁሉ ከእጃቸው ማውጣታቸው ነው። አንቀጽ 13 እኮ ምዕራፍ ሦስት ላይ ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በዳኝነት አካሉም ላይ ጥሏል። ግልጽ የሆነን አንቀጽ አንብቦ መፈጸም ትርጉም አይደለም ባይ ነኝ። የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

የአባትህ ጉዳይ ደግሞ ሌላ በር አለው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ከካሳ በስተቀር በሌላው ጉዳይ የይግባኝ ሰሚው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብሎ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ያለው ደግሞ አስተዳደሩ ውስጥ ነው። የ1997ቱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 455ም ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው በካሳው መጠን ላይ ነበር። «ቦታው እውነት ለሕዝብ ጥቅም ነው የተፈለገው?» ለሚለው ጥያቄ ወንበር አልተዘጋጀለትም። ልብ በል፤ በእነዚህ ሕጎች ማንም ዳኛውን አልነካውም። ደመወዙ እንዳለ ነው፤ ቢሮው እንዳለ ነው። ጥያቄውን ብቻ ከፊቱ አነሡበት። ዳኛን ከማስፈራራት ይህ ይቀላል፤ ድምፅም የለውም።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሮጌውን የካሳ አዋጅ ተክቶታል፤ እሱም ተሻሽሏል። ቅሬታ የሚቀርብበት ነገር ሰፍቷል፤ የፍርድ ቤት መንገድም አለው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ በ2012 የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያወጣውን መመሪያ ወይም የሰጠውን ውሳኔ ፍርድ ቤት ሄደህ አስመርምረው ይላል። እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኮምቦልቻን ማዘጋጃ ቤት ግን በዚህ አዋጅ አትከስም፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አይደለምና። ሰው ዝም ብሎ «አዲስ አዋጅ ወጥቷል» እያለ ሲሳሳት ስለማይ ነው ይህን ያልኩህ።

ሦስተኛው ጣጣ አፈጻጸም ነው። ዳኛው ነፃ ሆነ እንበል። በሩም ተከፈተ። እግድ ሰጠ። ከዚያስ?

እንዲህ ይሆናል። ሐሙስ ከሰዓት እግዱ ይጻፋል። ዓርብ ጠዋት ባለጉዳዩ ትዕዛዙን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ «ኃላፊው ካልመሩበት አልቀበልም» ትላለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ሲመለስ ዓርብ ነው፤ ግማሹ ሰው ስግደት ሄዷል፣ ግማሹ ወጥቷል። ቅዳሜ ጠዋት ዶዘሩ ይመጣል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን እያውለበለበ ዶዘሩ ፊት ይቆማል። ሹፌሩ ምን ያድርግ፤ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ይላል። ሰኞ ችሎት ሲከፈት የሚታገድ ቤት የለም። ጽሕፈት ቤቱም «ትዕዛዙ አልደረሰንም» ብሎ መልስ ያስገባል፤ እውነቱን ነው፣ አልደረሰውም።

የፍርድ ቤት እጅ ባዶ መሆኑን ሁሉም አገር ያውቀዋል። ሠራዊትም ገንዘብም የለውም። ያለው ፊርማና ማህተም ነው። ለዚህ ነው ነፃነት ከአፈጻጸም ጋር የሚያያዘው። ዳኛው የማይፈራ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ኃላፊውን በግል አስጠርቶ «ለምን እንደማትቀጣ አስረዳ» ይላል። ሕጉ ይህን ይፈቅድለታል፤ የወንጀል ሕጉ ፍርድ ቤት መድፈርን ያስቀጣል። የሚፈራ ከሆነ ደግሞ «የደረሰው ጉዳት በሌላ መዝገብ ይጠየቅ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ሁለቱም ትዕዛዝ በወረቀት ላይ ሕጋዊ ይመስላል። ቀጣዩ ቅዳሜ ዶዘር መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው ግን ይህ ልዩነት ነው።

እዚህ አገር ብቻ ነው ብለህ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አንድ ጥያቄ ቀረበለት። ያለ ክስ የታሰረ ሰው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ወይ የሚል ነው። 4 ዳኞች አይችልም አሉ። አንድ ዳኛ፣ ካና የሚባሉት፣ ብቻቸውን ተለዩ። በዓመቱ ዋና ዳኛ ለመሆን ተራው የእሳቸው ነበር፤ ታለፉ፤ ሥራቸውን ለቀቁ። የ4ቱ ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2017 በራሱ በፍርድ ቤቱ ተሻረ። እስከዚያ ግን 41 ዓመት ነው። በዚያ አዋጅ ለታሰረው ሰው ምንም አልፈየደለትም።

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። ፕሬዚዳንቱ አኩርፈው «እንተያያለን» ዓይነት ንግግር አደረጉ፤ ምርጫው ግን ተደገመ። ቆየት ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የዳኞች ኮሚሽኑ ካቀረበላቸው 40 ዕጩዎች 34ቱን ሾመው 6ቱን አስቀሩ። ከ6ቱ ሁለቱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የፕሬዚዳንቱን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውድቅ ካደረጉት ዳኞች መካከል ነበሩ።  እነዚያ 6ቱ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመጣ ነው። ከኬንያ የምወድላቸው ግን ነገሩ ሲፈጸም ጠበቆቹም፣ ጋዜጦቹም፣ ራሳቸው ዳኞቹም መጮኻቸውን ነው። የእኔ ወዳጅ ወደ ሩቅ ወረዳ ሲዛወር እኛ ደሴ ላይ ሽኝት አደረግንለት። ጥሩ ሽኝት ነበር። ሌላ ያደረግነው ነገር የለም።

አንድ የሚነሣ ሙግት አለ፤ ሳልነካው ባልፍ ደስ አይለኝም። «ዳኞች ነፃ ይሁኑ ትላለህ፣ ጉቦ የሚበላውስ?» ይባላል። እውነት ነው፤ ጉቦ የሚበላ ዳኛ አለ። በደላላ በኩል መዝገብ የሚያስጎበኝ አለ። ባለጉዳይ ይህን እያየ ስለ ነፃነት ብታወራለት ይስቅብሃል። መንግሥትም ይህን ቅሬታ እያነሣ «እንግዲህ እኛው እንቆጣጠር» ይላል። መድኃኒቱ ግን ዳኛውን ለአስተዳደሩ ማስረከብ አይደለም። ጉቦኛው ዳኛ በዲሲፕሊን ይጠየቅ፣ በወንጀል ይከሰስ፣ ይሰናበት። ይህን ሥራ የሚሠራው ጉባኤ ግን በክሱ የሚያሸንፈው ወይም የሚሸነፈው አካል መሆን የለበትም። ልምዴ የሚነግረኝ ደግሞ ጉቦ የሚበላው ዳኛ በአብዛኛው መንግሥት ላይ የማይፈርደው ያው ዳኛ መሆኑን ነው። ነውሩን የሚያውቅበት አለቃ አለውና።

ነፃ ዳኛ ማለት ለአባትህ የሚፈርድ ዳኛም አይደለም። መዝገቡን አይቶ «ካሳው በሕጉ መሠረት ተሠልቷል፣ ልቀቁ» ሊላቸው ይችላል። ያን ጊዜ ይከፋቸዋል። ቢያንስ ግን የተረቱት በሕግ ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን ትልልቅ ክስ ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። ሥልጣን በብዛት የሚገታው ማንም በማያየው ቦታ ነው። አንድ ጠዋት የወረዳ ችሎት ገብተህ ቁጭ በል። ፖሊስ ተጠርጣሪ ያቀርባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የመጓጓዣውን ጊዜ ሳይጨምር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። መርማሪው «ምስክር አልሰማንም፣ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። 14 ቀን ብዙ በሠራንበት የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ጣሪያ ነው። አንዱ ዳኛ ቀና ሳይል ይፈቅዳል። ሌላው ግን የፊተኛውን ማመልከቻ ከአሁኑ ጎን አስቀምጦ ያነብባል። ቃል በቃል አንድ ነው፤ ቀኑ ብቻ በእስክሪብቶ ተደልዟል። «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ይላል። መርማሪው ዝም። ዳኛው በዋስ ይለቃል። ይህ ዜና አይሆንም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሰው ከመያዙ በፊት ማስረጃ የሚጠይቅ ኃላፊ ይኖራል፤ ያ ዳኛ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ።

አሁን ወደ አባትህ ጉዳይ። በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አትሂዱ፤ ይመለስባችኋል። መንገዱ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ አካሉ፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ የተቆረጠ ቀን አለ፤ ቀኑም አጭር ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ባለይዞታዎች ብዙዎቹ የተሸነፉት በዳኛ አይደለም፤ በቀን ነው። ሽማግሌ እየላኩ፣ ደጅ እየጠኑ ቀኑ ያልፋል።

ማመልከቻው ላይ «መንግሥት በደለኝ» አትበሉ። ልማት አያስፈልግም ብላችሁም አትከራከሩ። ዳኛውን ከልማት ጋር አታጣሉት። ይልቅ የተዘለለውን ነገር ለዩ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ካሳው በቅድሚያና ተመጣጣኝ ሆኖ ይከፈል ይላል፤ ተከፍሏል? ውሳኔው የሕዝብ ጥቅሙን በስም ጠቅሷል? የግምቱ ዝርዝር ለአባትህ ተሰጥቷቸዋል? አጥሩ፣ የውኃ መስመሩ፣ ዛፎቹ ተቆጥረዋል? ይህን የምልህ በምክንያት ነው። ማግስቱን የሚፈራ ዳኛ እንኳ «አስተዳደሩ ይህን ደረጃ ዘሏል፣ ተመልሶ ያሟላ» ለማለት አይቸገርም። ጠበብ ያለ ጥያቄ ለዳኛው መሸሸጊያ ይሆነዋል። ሰፊ ጥያቄ ይዘህ ስትቀርብ ግን ድፍረቱን ነው የምትጠይቀው፤ ድፍረት ደግሞ በደመወዙ ውስጥ የለም።

እግድ መጠየቅ ካስፈለገ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠይቁ። ከተፈቀደ ትዕዛዙን በ3 ቅጂ አስመትታችሁ ውሰዱ። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ አትጣሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ችሎቱ ተመልሳችሁ በፖሊስ በኩል እንዲደርስ አመልክቱ። ቅዳሜን አትጠብቁ።

ከሁሉ በፊት ግን የአባትህ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን እርግጠኛ ሁን። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውና እጃቸው የገባበት ቀን የተለያየ ከሆነ ያመጣላቸውን ሰው ስም ያዝ። ቅሬታውን በጽሑፍ ነገ አስገቡ። ሲቀበሏችሁም በእናንተ ቅጂ ላይ ማህተምና ቀን ሳይመታበት ከመስኮቱ እንዳትነሡ።